ከባሕር ሰርጓጅ አዳኙ «ሶናር» እስከ ሴቶች ሕመም፦ የፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ ሕይወት

አቡ ሐሊፋ ወይም ጎረቤቶቿ መሀቡላና ፈሃሂል ባሉ ክሊኒኮች በሆድ ሕመም ምክንያት ገብተው የሚያውቁ ከሆነ፣ ሐኪሙ «ሶናር» ሲል ሰምተው ይሆናል። እኛ አገር ቤት አልትራሳውንድ የምንለውን ምርመራ እዚህ አብዛኛው ሰው የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ሶናር በመጀመሪያ የመርከበኞች ቃል ነበር፤ ከውሃ በታች የተደበቀን የጠላት ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በድምፅ ነጸብራቅ ፈልጎ ማግኛ። ይህ የጦርነት መሣሪያ እንዴት አድርጎ ከሴቶች ሆድ ላይ እንዳረፈ ማወቅ ከፈለጉ፣ ቁጡና ዕረፍት የማያውቁ፣ የራሳቸው ልብ ደግሞ የታመመባቸው አንድ ሐኪም የኖሩትን ሕይወት ማወቅ አለብዎት።

ታሪካቸውን ዛሬ የምናነሳው ለወግ ብቻ አይደለም። በየወሩ ወገባቸውን በነጠላ ጠበቅ አድርገው፣ ሁለት ፓናዶል ውጠው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ደረጃ የሚያጥቡና ልጅ የሚያዝሉ እህቶች በመካከላችን አሉ። ከወለድሽ ይተውሻል ተብለው ያደጉ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የአንዳንዶቹ ሕመም ስም አለው፤ ስሙም ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከመቶ 10 ያህሉ፣ በቁጥር ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገምታል። ሕመሙን ያለ ቢላ ለማየት ከሚያስችሉን መንገዶች ቀዳሚውን የከፈቱልን ደግሞ ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶናልድ በ1910 መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ፣ ኮርንዎል በተባለው ግዛት ተወለዱ። ቤተሰቡ የስኮትላንድ ተወላጅ ነው፤ አባትና አያት ሐኪሞች፣ እናት ደግሞ የፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። እዚያም በ1927 ዲፍቴሪያ ቤቱ ገባ። እናታቸው ሞቱ፤ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ አባታቸውም ተከተሉ። ወላጅ አልባ የሆኑትን ልጆች ሰብስባ ያሳደገቻቸው የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ አባትየው ለልጆቹ የተዉትን ገንዘብ በአደራ የተቀበለችውም፣ በኋላ ልጆቹን ይዛ ለንደን የገባችውም እሷው ነበረች። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል የሰው ልጅ በማሳደግ ላይ ያሉ ብዙ ስለሆኑ ነገሩን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም።

ወጣቱ ዶናልድ መጀመሪያ ኬፕ ታውን ውስጥ ቋንቋና ሙዚቃ ተማሩ። ለንደን ከገቡ በኋላ ግን የአባታቸውን ሙያ መረጡ፤ ከቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት በ1937 ተመረቁ። በዚያው ዓመት አገቡ፤ አራት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ጦርነቱ ሲመጣ የብሪታንያ አየር ኃይል ሐኪም ሆኑ። ቦምብ የጫነ አውሮፕላን ተከስክሶ ሲቃጠል እሳቱ ውስጥ ገብተው ሰዎችን በማውጣታቸው የጀግንነት ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ለእኛ ታሪክ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ ከራዳርና ከሶናር ጋር የተዋወቁት በዚያን ጊዜ ነው። ማሽን ይወዱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ውስጥ ትንፋሽ ላጠራቸው አራስ ሕፃናት መተንፈሻ መሣሪያ ለመሥራት ሲታገሉ ቆዩ፤ በ1954 ደግሞ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ፕሮፌሰር አድርጎ ሾማቸው።

ግላስጎው ያኔ የመርከብና የብረት ከተማ ነበረች። በፋብሪካዎቿ የብየዳ ሥራ ውስጡ ስንጥቅ ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው በድምፅ ነበር። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብን ድምፅ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነውን አንሰማውም። ይህን የማይሰማ ድምፅ ወደ ብረቱ ይልኩታል፤ ብረቱ ደህና ከሆነ ድምፁ ሳይቋረጥ ያልፋል፣ ስንጥቅ ካለ ግን እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣል። ዶናልድ ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር መጣላቸው። በብረት ውስጥ ያለ ስንጥቅ ከታወቀ፣ በሴት ሆድ ውስጥ ያለ እብጠት ለምን አይታወቅም?

ቀኑ ሐምሌ 21፣ 1955 ነበር። ፕሮፌሰሩ ሰሞኑን ከታካሚዎች በቀዶ ሕክምና የወጡ እጢዎችን በሁለት መኪናዎች የዕቃ መጫኛ ጭነው፣ ሬንፍሩ ወደሚገኝ የእንፋሎት ማሞቂያ ፋብሪካ ነዱ። ከእጢዎቹ መካከል ማዮማ የምንለው ጠጣር የማህፀን እጢና ከእንቁላል ማምረቻ የወጣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነበሩ። የፋብሪካው ሰዎች በበኩላቸው ለማነጻጸሪያ አንድ ትልቅ የበሬ ሥጋ አቀረቡ። ሥጋው ምሳ ሳይሆን መለኪያ መሆኑ ሳያስቃቸው አልቀረም። ውጤቱ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ውሃ የቋጠረው ከረጢት ድምፁን ያለ ማሚቶ አሳለፈው፣ ጠጣሩ ማዮማ ደግሞ ማሚቶውን መለሰው። ሁለቱን መለየት ይቻላል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀላል አልነበረም። በውሰት የተገኘው የመጀመሪያው ማሽን ለቆዳ ቅርብ የሆነውን ነገር ማየት አይችልም ነበር። ርቀቱን ለማስተካከል ውሃ የያዘ ዕቃ ሆድ ላይ ማስቀመጥ ነበረባቸው፤ ውሃው እየፈሰሰ ታካሚውንም ሐኪሙንም ያርስ ነበር። ባልደረቦቻቸው ከጀርባ ሳይስቁባቸው አልቀሩም። የቀየራቸው ቶም ብራውን የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ የአንድ ፋብሪካ መሐንዲስ ነው። ፕሮፌሰሩ በብረት መመርመሪያ ሰው እንደሚመረምሩ በአጋጣሚ ሰማ፤ የስልክ ማውጫ ከፍቶ ስማቸውን ፈለገና ደወለ። በ1957 የብራውን እጅ የሠራው ማሽን ሥራ ጀመረ። የቀድሞው የሚያሳየው መስመር ላይ የሚዘል ጉብታ ብቻ ነበር፤ ይህኛው ግን የሆድን ውስጥ በሥዕል ያወጣ ነበር። ድምፁ በአየር እንዳይበተን ሆድ ላይ የሚቀቡት የወይራ ዘይት ነው። ዛሬ እርስዎን የሚያስደነግጥዎት ያ ቀዝቃዛ ጄል የወይራ ዘይቱ ምትክ ነው።

የሰዎችን አፍ የዘጋችው አንዲት በዕድሜ የገፉ ታካሚ ናቸው። ሆዳቸው ተነፍቶ ሰውነታቸው ከስቶ ነበር። ራጁ የጨጓራ ካንሰር ነው አለ፤ በቀዶ ሕክምና የማይድን ነው ተብሎም ተደመደመ። ዶናልድ ማሽናቸውን ሆዳቸው ላይ ሲያሳርፉ ግን ያዩት ሌላ ነው፦ ቀጭን ግድግዳ ያለው፣ ውስጡ ፈሳሽ የሞላ ግዙፍ ከረጢት። ከፍተው አወጡት። ካንሰር አልነበረም፤ ሴትየዋም ዳኑ። አንድ ማሽን ለሞት የተተወን ሰው መልሶ ሲያመጣ፣ ቀልዱ ያበቃል።

ሰኔ 7፣ 1958 ዶናልድ፣ ብራውንና ጆን ማክቪካር የተባሉት ወጣት ሐኪም በ100 ያህል ታካሚዎች ያገኙትን ልምድ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ዛሬ በዓለም ያሉ እናቶች ሁሉ የጽንሳቸውን ልብ ምት የሚያዩበት መንገድ ከዚያ ጽሑፍ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1963 ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ጋዝ ድምፅን ያግዳል፤ አንጀት ደግሞ ጋዝ የሞላው ነው። ፊኛ በሽንት ሲሞላ ግን አንጀቱን ገፋ አድርጎ ለድምፁ መስኮት ይሆናል፤ ማህፀንም ጥርት ብሎ ይታያል። ሐኪሙ ብዙ ውሃ ጠጥተው ሽንትዎን ይዘው እንዲመጡ ሲያዝዎት፣ ያን ሁሉ ጭንቀት ያመጡብዎት እኚሁ ፕሮፌሰር ናቸው።

እዚህ ላይ ወደ ሕመሙ እንመለስ። ዶናልድ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አሜሪካ ኦልባኒ ከተማ ውስጥ ጆን ሳምፕሰን የተባሉ የማህፀን ሐኪም በ1921 አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። በአንዳንድ ሴቶች የእንቁላል ማምረቻ ላይ አሮጌ ደም የሞላው ከረጢት አገኙ፤ ፈሳሹ ወፍራምና ቡናማ ስለሆነ «የቸኮሌት ከረጢት» ተባለ። በኋላ ለሕመሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚለውን ስም አወጡለት። ሐሳባቸው ይህ ነበር፦ በወር አበባ ጊዜ ደሙ ሁሉ ወደ ውጭ አይወርድም፤ ጥቂቱ በማህፀን ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ከእሱ ጋር የሄደው የማህፀን ሽፋን ሥር ከሰደደ በየወሩ እዚያው ያብጣል፣ ይደማል። መውጫ ግን የለውም። ዙሪያውን ያቆስላል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ ማህፀንን፣ አንጀትንና እንቁላል ማምረቻን እንደ ሙጫ ያጣብቃል። ደም ወደ ኋላ የሚፈስሳቸው ሴቶች ብዙ ሆነው ሳለ የሚታመሙት ጥቂቶቹ የሆኑት ለምን እንደሆነ ሳይንስ እስከ ዛሬ እየመረመረ ነው።

የኩዌት ሐኪሞች በዐረብኛ ከሚሰጡት ስሞች አንዱ «ቢጣነት አርረሂም አልሙሃጂራ» ነው፤ ስደተኛዋ የማህፀን ሽፋን እንደማለት። ቃሉን ቢይዙት ክሊኒክ ውስጥ ይጠቅምዎታል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? ከሥራ የሚያስቀር፣ በተራ ማስታገሻ የማይመለስ የወር አበባ ሕመም ዋናው ነው። በወር አበባ ሰሞን ሰገራ ወይም ሽንት ሲወጡ የሚወጋ ሕመም፣ በግንኙነት ጊዜ ውስጥ ድረስ የሚሰማ ሕመም፣ የማይለቅ ድካም፣ የሆድ መነፋት፣ ለማርገዝ መቸገርም አሉ። ሕመሙ ያለባት ሴት ሁሉ መካን ናት ማለት ግን አይደለም፤ ብዙዎች ይወልዳሉ። አንድ አስገራሚ ነገር አለ፦ የሕመሙ ስፋትና የሥቃዩ መጠን አብረው አይሄዱም። ትንሽ ነጠብጣብ ያላት ልትጮህ ትችላለች፤ ሆዷ በጠባሳ የተጣበቀው ደግሞ ምንም ላይሰማት ይችላል። ለዚህ ነው የሰው ሥቃይ በዓይን የማይለካው።

የዶናልድ ማሽን ልጆችና የልጅ ልጆች ከዚህ ውስጥ ምን ያያሉ? የቸኮሌቱን ከረጢት ጥሩ አድርገው ያያሉ። ንጹሕ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲታይ፣ አሮጌ ደም የያዘው ግን እንደ ተፈጨ መስታወት እኩል የደበዘዘ ግራጫ ይሆናል። በአንጀትና በፊኛ ግድግዳ ውስጥ የገባውን ጥልቅ ሕመምም የሠለጠነ ባለሙያ ያገኘዋል። ጎበዝ መርማሪ መሣሪያውን በቀስታ ገፋ እያደረገ ማህፀኑ ከአንጀቱ ጋር ይንሸራተት እንደሆነ ያያል፤ አለመንሸራተቱ መጣበቅን ያመለክታል። ለዚህ ሁሉ የተሻለው በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ ነው። ድንግል ከሆኑ አስቀድመው ይንገሩ፤ በሆድ በኩል፣ በሞላ ፊኛ፣ ወይም በኤምአርአይ ማየት ይቻላል። ሴት መርማሪ መጠየቅም ነውር አይደለም።

የማያየው ግን አለ፤ ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ የማይጻፈውም ይህ ነው። በሆድ ውስጠኛ ሽፋን ላይ እንደ ጠቃጠቆ የተረጨው ቀላሉ ዓይነት በአልትራሳውንድ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ደህና ነው ተብሎ ተጽፎ ሕመሙ ካልተወዎት፣ ውሸታም ነሽ ተባልኩ ብለው አይመለሱ። ሐኪሙ ምስሉን ሳይጠብቅ በሆርሞን ሕክምና ሊጀምርልዎት ይችላል፤ ካልሆነም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚታይበት ላፓራስኮፒ አለ። ሕመሙን ከነሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም። ማስታገሻ፣ የሆርሞን እንክብልና ቀዶ ሕክምና ግን ብዙ ሴቶችን ወደ ሥራቸውና ወደ እንቅልፋቸው መልሰዋል።

አቡ ሐሊፋ ውስጥ ላሉ አንባቢዎቻችን፣ በተለይ በሰው ቤት ለሚሠሩ፣ አንድ ነገር እናክል። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68 የ2015፣ ቀጣሪው ለሠራተኛዋ ከምግብና ከመኖሪያ ጋር መድኃኒትና ሕክምናን እንዲያቀርብ ያዛል፤ የሳምንት ዕረፍት ቀንም ይደነግጋል። ለማዳምዎ የወር አበባ ሕመም ማውራት ቢያሳፍርዎት፣ ማዳምዎም ሴት መሆናቸውን አይርሱ። በመጀመሪያ የሚሄዱት የአካባቢው ሙስተውሰፍ ነው፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ለአሕመዲ አካባቢ ብዙ ጊዜ ወደ አዳን ሆስፒታል፣ ሊጻፍልዎት ይችላል። ከመሄድዎ በፊት ለሁለትና ለሦስት ወራት ሕመሙ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የት እንደሚያምዎትና ስንት እንክብል እንደወሰዱ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ቋንቋ ባይግባቡ እንኳ ቀን የተጻፈበት ዝርዝር ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ኢንዶሜትሪዮሲስን እንደሚጠረጥር ቢጽፍ መልካም ነው፤ ምን እንደሚፈልግ ያወቀ መርማሪ የበለጠ ያገኛልና።

ወደ ፕሮፌሰሩ እንመለስ። ዶናልድ ለራሳቸው ጤና የታደሉ አልነበሩም። የልብ ቫልቭ ሕመም ነበረባቸው፤ በሕይወታቸው ሦስት ከባድ የልብ ቀዶ ሕክምናዎች አድርገዋል። በእነዚህ መካከል ነው ግላስጎው ውስጥ አዲስ የወላዶች ሆስፒታል እንዲሠራ የተሟገቱት፤ በ1964 በንግሥት እናት ስም ተከፈተ፣ የአልትራሳውንድ ሥራውም እዚያ ተስፋፋ። አጥባቂ ክርስቲያን ነበሩ፤ የብሪታንያን የ1967 የውርጃ ሕግ በአደባባይ ተቃውመዋል፣ ለዚህም የሚወዷቸውም የሚጠሏቸውም ነበሩ። ቁጣቸው ቶሎ የሚነድ፣ ቶሎም የሚበርድ ነበር ይባላል። ሲያርፉ ፒያኖ ይጫወታሉ፣ በውሃ ቀለም ይሥላሉ፣ ጀልባ ይቀዝፋሉ።

በ1976 ጡረታ ወጡ። ሰኔ 19፣ 1987 በእንግሊዝ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ፓግልሻም በምትባል መንደር አረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። በብልት በኩል የሚገባው ቀጭን የአልትራሳውንድ መሣሪያ፣ ያ ኢንዶሜትሪዮሲስን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው፣ በየሆስፒታሉ መግባት የጀመረው በሕይወታቸው መጨረሻ ዓመታት ነበር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሆድን ከፍቶ ወይም በካሜራ አይቶ ካልሆነ ሕመሙ አለ ማለት አይቻልም ይባል ነበር። በ2022 የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር ባወጣው መመሪያ ላፓራስኮፒ የመጀመሪያ መለያ መሆኑ ቀረ፤ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ቀደሙት፣ ቢላው ደግሞ ምስሉ ባዶ ለሆነና ሕክምናው ላልሠራላቸው ሴቶች ተተወ።